የጎርፉን ገጽ የሳለችው ዙኒልዳ

ዙኒልዳ አያላ በፓራጓይ ዋና ከተማ አሱንሲዮን ውስጥ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር የምትሠራው። ማሽኑ ያበላሸውን ወረቀት አትጥልም፤ ገልብጣ ትስልበታለች። ጃንጥላ የያዘ አዞ፣ ጫማ ያጠለቀች ላም፣ ያኮረፈ ጦጣ። ወንዝ ግን ስላ አታውቅም። ትንሽ ልጅ ሳለች የፓራጓይ ወንዝ ሞልቶ ባኛዶ የሚባለውን ሰፈራቸውን ውጦት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ መውረድ ሲጀምር ሥራዋን ትታ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ዴልፊና የሚባሉ አሮጊት ሠዓሊ፣ የልጆች መጽሐፍ መሳል ለሚመኙ ሰዎች በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ያስተምራሉ። ምላሳቸው ለማንም አያዝንም።

«ጽሑፉ ድመቷ ቀይ ናት ካለ፣ አንተ ደግሞ ቀይ ድመት ስለህ ምን ጨመርክ? ምን ልትሰርቅ እንዳሰበች አሳየኝ እንጂ!» ብለው አንዱን ጎልማሳ ሲያፋጥጡት፣ ዙኒልዳ ከኋላ ሆና ተራዋ እንዳይደርስ ትጸልያለች።

ደረሰ። አንድ አሳታሚ አዲስ ሠዓሊ እየፈለገ ነበርና እትዬ ዴልፊና ድርሰቱን አምጥተው ጭኗ ላይ ጣሉት። ጎርፍ መጥቶ ከዶሮዋ ጋር ጣሪያ ላይ ስለወጣች ልጅ ነው።

«እትዬ፣ እኔ ውሃ አልስልም።»

«አልችልም ነው አልፈልግም?»

«እፈራለሁ።»

«ጎሽ! የማይፈራ ሰው ቢስለው ያበላሸዋል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያመጣችው ውሃ ሰማያዊ ነበር፤ ማዕበሉ እንደ ዳንቴል የተጠለፈ። እትዬ ዴልፊና መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። «ይሄ ጎርፍ ነው የሀብታም መዋኛ?» ክፍሉም አብሮ ሳቀ። እሳቸው ግን ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፈርተሽ ነው ያሳመርሽው። ልጅ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲዋሸው ያውቃል። በልጅቷ ቁመት ሆነሽ እዪው። መጀመሪያ ያየሽው ምን ነበር?»

እሑድ ዕለት፣ ስንት ዘመን ዞር ብላ ወዳላየችው ባኛዶ ወረደች። ወንዙ ጎድሎ ተኝቷል፤ የጭቃው ሽታ ግን ያው ነው። በልጅ ቁመት ቁጢጥ ስትል እርሳሱ ከላቧ የተነሳ ከጣቷ ያመልጣታል። ያኔ ትዝ አላት። ያየችው ማዕበል አልነበረም። በበሩ ሥር የገባች ቀጭን ቡናማ ክር ነበረች፤ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ዝም ብላ የገባች። ቀጥሎ የዙኒልዳ ነጠላ ጫማ ማንም ሳይነካው ተነሳና ወደ አልጋዋ መጣ። እያለቀሰች ሳለችው። ስትጨርስ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ወደ ኋላ ሳታይ ሮጠች።

እትዬ ዴልፊና ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው አዩት። «አሳታሚው ዘንድ ከመሄድሽ በፊት ለልጆች አሳዪ። ወደዳችሁት ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂ፤ ደስ እንዲልሽ ብለው አዎ ይሉሻል። ገጹን ሲገልጡ እጃቸውን እዪ» አሏት።

የቀሩትንም ገጾች ስላ ጨርሳ፣ ከሥራዋ ፊት ለፊት ያለው ትምህርት ቤት ገባች። ልጆቹ በዶሮዋ እየሳቁ መጡና ጫማው የሚንሳፈፍበት ገጽ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ጃሲ የምትባል ትንሽ ልጅ መዳፏን ዘርግታ ውሃውን ሸፈነችው። መምህርቷ ዙኒልዳን በዓይኗ ወጋቻት። ዙኒልዳ ወረቀቱን ልታነሳ እጇን ዘረጋች። ምን አደረግኳት? ምን ነካኝ?

«እንተወው፣ የኔ እናት?» አለች።

«ቆይ!» አለች ጃሲ እጇን ሳታነሳ። «ዶሮዋ የታለች?»

«በሚቀጥለው ገጽ። ጣሪያ ላይ።»

«እዚህም ትታይ። ካልታየች የሞተች ነው የሚመስለኝ።»

ዙኒልዳ ያን ዕለት ከገጹ ጥግ ቁም ሣጥን ጨመረች፤ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ደግሞ ሁለት ቢጫ የዶሮ እግሮች።

አሳታሚው ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ ፀጉሩን የተቀባ ሰውዬ ነበር። ሥዕሎቹን እያገላበጠ «ግሩም ነው» ሲል ቆይቶ እዚያው ገጽ ላይ ቆመ። «ይቺ ትጨልማለች። ወላጆች ይደነግጣሉ። ውሃውን ሰማያዊ ብናደርገውስ?»

እሺ ለማለት አፏን ከፈተች።

«ወላጆቹ ይደንግጡ» የሚል ድምፅ ወጣ፤ የራሷ ነው። «ልጆቹ የዶሮዋን እግር ያገኙታል።»

ሰውዬው አጎንብሶ ፈለገ። ጣቱን ጥጉ ላይ አሳረፈ። «ይቺን አላየሁም ነበር» አለ። ገጹንም ከሌሎቹ ጋር መልሶ «በቃ፣ ትሁን» አለ።

መንገድ ላይ ስትወጣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ቺፓ የሚባለውን ዳቦ በቅርጫት የምታዞር አንዲት ሴትዮ ቆመችላት።

«ምን ሆንሽ ልጄ? ሰው ነካሽ?»

«አይ፣ ሥራ አገኘሁ።»

«ሥራ አግኝተሽ ነው እንዲህ የምትንዘፈዘፊው? ምን ዓይነት ሥራ ቢሆን ነው እቴ!»

«ለልጆች መሳል።»

ሴትዮዋ እንደ እብድ አየቻት። ከቅርጫቱ ሥር ትኩሱን መርጣ እጇ ላይ አኖረችላት። «በይ ብዪ፤ ከፊትሽ ቀለም ጠፍቷል።»

ዙኒልዳ ተንቀጥቅጣ ሳትጨርስ በላችው።