እሱ ይጩህልን

ሞጣ ቢሮዬ ውስጥ ከባለጉዳይ ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ። የተረፈኝን ጩኸት ደግሞ ማታ ባለቤቴ ላይ አራግፈው ነበር።

ነሐሴ ላይ ቢቸና ያሉትን ገበሬ አጎቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ፊቴን አይተው፣ "ና፣ ጅራፍ እንግመድ" አሉና ቃጫ አስታቀፉኝ። ለቡሄ ልጆች የሚያጮሁትን ጅራፍ እኔ፣ ሪዛም ሰውዬ! ተናደድኩ፤ ግን አጎት እምቢ አይባልም።

"አጥብቀህ ግመድ፣ አትቸኩል" ቢሉኝም ቸኮልኩ። ዝናቡ ሲያባራ ሜዳ ወጥቼ በኃይል ባሽከረክረው፣ ጅራፉ ተተርትሮ ዞረና የገዛ ጆሮዬን ሸነቆጠኝ።

"ዋይ!" አልኩ።

አጎቴ በሳቅ ፍርስ አሉ። "ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ሲባል ነበር የማውቀው። ያንተው ገርፎ አንተን ያስጮህሃል!"

ፈትቼ ቀስ ብዬ እንደገና ገመድኩት። ጣቶቼ ቃጫው ላይ ሲውሉ ቢሮውንም ባለጉዳዩንም ረሳሁ። አመሻሹ ላይ የጅራፉ ጩኸት በሜዳው ሲያስተጋባ ደረቴ ቅልል አለኝ፤ እንደ ልጅ ሳቅሁ።

አሁን ጅራፉ ሞጣ ቤቴ በር ጀርባ ተሰቅሏል። ድምፄ ከፍ ማለት ሲጀምር ባለቤቴ አውርዳ ታቀብለኛለች።

"ሂድ ውጣና እሱ ይጩህልን!"