በጓሮዬ ለበቆሎ የጸለይን ዕለት

ኧረ ሆዴን! ቆዩ፣ ሳቄን ልጨርስ፤ ዋናው ገና ነው። የወንድሜ ልጅ ለመመረቂያ ጥናቷ ብላ ጂንካ፣ እኔ ጓሮ በቆሎ ዘራች። አንዱ መደብ ተመዘዘ፤ ሌላው ግን ከጉልበቴ አላልፍ አለ። ልጅቷ ልትዋረድብኝ ነው ብዬ የቤተ ክርስቲያን እህቶችን ጠራሁ። አጫጭሮቹን ከበን፣ እጃችንን ዘርግተን፣ «በኢየሱስ ስም እደጉ!» እያልን ስንጮህ ልጅቷ እየሮጠች መጣች።

«አክስቴ፣ ተዉ! አገዳ የሚረዝመው አንድ የተለየ ፕሮቲን ሲሠራ ነው። በእነዚህ ላይ ግን የዚያ ፕሮቲን መሥሪያ ዘረመል ሆን ተብሎ የተሰናከለ ነው። የማጠናው እሱን ነው፤ ካደጉ አልመረቅም!»

ሁላችንም እጃችንን ሰበሰብን። ጸሎት የምትመራን እህት ማርታ ብቻ ዓይኗን ጨፍና እጇን መልሳ ዘረጋች፦

«ጌታ ሆይ፣ ቅድም የለመንንህን ተወው፤ እንዲሁ እንዳጠሩ ይቆዩልን!»