የአርባ ዘጠኝ ቁጥር ሱቅ

አባቴ ዱባይ ተራ ጫማ ሲሸጥ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ አያውቅም። ደንበኛ ከሌለ ካርቶን ይደረድራል፤ የደረደረውን አፍርሶ እንደገና ይደረድራል፤ እሱም ሲያልቅ ጎረቤት ሱቅ ገብቶ የእነሱን ያስተካክላል። አምና ከመሰላል ወድቆ የጭኑ አጥንት ሲሰበር እኔን ያስፈራኝ ከስብራቱ ይልቅ ወንበር ላይ መዋሉ ነበር። ቤት ተቀመጥ ቢባል እሺ አላለም። በየጠዋቱ በታክሲ እያመጣሁ ሱቃችን በር ላይ አስቀምጠው ጀመር።

ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ድጋሚ ከወደቀ ይነሳል ብዬ እንዳልጠብቅ፣ ባይወድቅም መቼ እንደሚራመድ እንደማያውቅ ነግሮኛል። ለአባቴ አልነገርኩትም። እሱ ደግሞ በየአሥር ደቂቃው መቼ ነው የምነሳው ይለኛል። በኮሪደሩ ተሸካሚዎች ከባድ ጭነት ይዘው እየሮጡ ያልፋሉ። እሱ ወደ ክራንቹ ባየ ቁጥር ልቤ ይሰቀላል። ደንበኛ እያስለካሁ ዓይኔ እሱ ላይ ስለሆነ፣ ለአንዲት ሴት ሁለቱንም የግራ እግር ሸጬላት ተመልሳ መጥታ ጮኻብኛለች።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሒሳብ ለጫማ ንግድ ብዙም አልጠቀመኝም፤ ያኔ ግን እሱን ቁጭ የሚያደርግ አንድ የቁጥር ጨዋታ ትዝ አለኝ። አሥራ አምስትን ውሰድ አልኩት። ሦስት ጊዜ አምስት ነው፤ ሦስትንና አምስትን ጎን ለጎን ጻፋቸው፣ ሠላሳ አምስት። ሠላሳ አምስት ደግሞ አምስት ጊዜ ሰባት ነው፤ ሃምሳ ሰባት። እንዲህ ተካፍሎ እስኪያልቅ እየከፋፈልክና እየጻፍክ፣ ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም የማይካፈል ቁጥር ላይ ስትደርስ አለቀ። ሳቀብኝ፤ ግን ካልኩሌተሩን ሳበ። ምሳ ሳይደርስ 1129 ላይ ደርሶ ጨረሰና ክራንቹን ፈለገ።

ደነገጥኩ። የሱቃችንን ቁጥር፣ አርባ ዘጠኝን ሰጠሁትና ይሄን ስትጨርስ ትነሳለህ አልኩት። የመጀመሪያውን እኔው ጻፍኩለት፤ ሰባት ጊዜ ሰባት፣ ሰባ ሰባት። እሱ ቀጠለ፤ ሰባት ጊዜ አሥራ አንድ፣ 711።

ከምሳ በኋላ ድምፁን ሰማሁ። "ሦስት መቶ ሰባ ዘጠኝ። በምንም አይካፈልም። አለቀ።"

ዞር ስል አንድ እጁ መቃኑ ላይ፣ አንድ እጁ ክራንቹ ላይ ሆኖ ቆሟል። የጻፈበትን የካርቶን ክዳን አነሳሁ። 379 እውነትም አይካፈልም። ስሌቱን ወደ ኋላ ተመልሼ አየሁት። 711 ሦስት ጊዜ ሦስት ጊዜ ሰባ ዘጠኝ ነው። ሦስት ሁለት ጊዜ መጻፍ አለበት፤ እሱ የጻፈው ግን አንዴ ብቻ ነው። በእኛ ሥራ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ጫማዎች አንድ ተብለው ነው የሚቆጠሩት።

"አባዬ" አልኩት፣ "ሦስቱን ጥንድ አድርገህ ነው የጻፍከው።"

ክዳኑን አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠና 3379 ብሎ ጻፈ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም አፈርኩ።

ያ በሠላሳ አንድ እንደሚካፈል እስኪያገኝ መሸ። 31109 ብሎ ከጻፈ በኋላ መጨረሻው ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። መዋሸት እችል ነበር፤ ስዋሽ ግን ሰንብቻለሁ፣ ሰልችቶኛል። ኮምፒውተሮችም ሞክረውት እስካሁን መጨረሻውን ያገኘ የለም አልኩት።

"አውቀሽ ነው የሰጠሽኝ?"

"አውቄ ነው።"

አንድ ተሸካሚ እየጮኸ አለፈ። አባቴ የታመመ እግሩን ሰበሰበለት።

"እግሬንም እንደዚሁ ነው ያሉሽ ማለት ነው።"

ፊቴን አዙሬ ካርቶን መደርደር ጀመርኩ፤ የተደረደረውን አፍርሼ እንደገና ደረደርኩ። ከኋላዬ የካልኩሌተሩ ቁልፍ ሲጫን ይሰማኛል።

"በአሥራ ሦስት ይካፈላል" አለኝ በመጨረሻ። "ተይው ካርቶኑን። ነይ ቁጭ በይ፤ እኔ ሳካፍል አንቺ ጻፊ።"