ሦስት ሄድፎን ገዛሁ

ከሰቆጣ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው፤ አባቴ ማኅሌት ቆመው ሳሉ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፣ ዜማ ያስተምራሉ። እኔ መናኸሪያ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ድምፃቸው በቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይሰማኝ ነበር። ጀርመን አገር አረጋውያን መንከባከብ ልማር ቪዛ እንዳገኘሁ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው «የዜማ ወንበሬን ለማን ጥለህ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የምታውቀው እህቴ ዝናሽ ብቻ ነበረች። ዳቦ ቆሎ በፌስታል ይዛልኝ መጥታ «ባይሆን ስትደርስ ደውለህ ይቅርታ ጠይቃቸው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ የአባቴ ድምፅ ጠፋ።

ወልዲያ፣ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላን። «በአውሮፕላን ሄዶ ደግሞ ስደት ይላል» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኑና ሞክሩት።

የደረስኩ ዕለት ደወልኩ። «አባ፣ ሳልነግርዎት ሄድኩ፤ ይቅር ብለውኛል?» አልኳቸው። ዝም። ቆይተው «ብርዱ እንዴት ነው?» አሉኝና ስልኩን ለዝናሽ ሰጧት። ለፋሲካ ደወልኩ፤ ያው ጥያቄ፣ ያው ዝምታ። ለእንቁጣጣሽም እንደዚያው። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ዝናሽን እንዳልጠይቃት ፈራሁ፤ «አልቀየሙህም» ብላ ብትዋሸኝ ያስታውቅባታል።

አከራዬ ፍራው ሄልጋ የሚሏት ባልቴት ናት። ቁልፉን ስትሰጠኝ «ቤቴ ጸጥታ ይወዳል» አለችኝ። «ቀን ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሩኸሳይት ነው። እሁድ ደግሞ ሙሉ ቀን።»

«ሩኸሳይት ምንድን ነው?»

«የጸጥታ ሰዓት። ልብስ ማጠቢያ አይነሳም፣ ሚስማር አይመታም፣ ጠርሙስ አይጣልም።»

«መተንፈስስ?»

«ቀስ ተብሎ» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። ሳቁም ከፍ አለባት።

እኛ አገር እሁድ ጧት ጸጥ ካለ ሰው ምን መጣ ብሎ ከቤቱ ይወጣል። እዚህ ጸጥ ካላለ ነው የሚወጡት። ማር ብላ የሰጠችኝንም ቀመስኩት፤ የሰቆጣን ማር ለሚያውቅ ሰው ያ ማር ሳይሆን ስኳር የታጠበበት ውኃ ነው።

የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤትማ አይነሳ። ጸሐፊዋ ወረቀት ዘርግታ «ደንቡን ተረድተዋል?» አለችኝ። እኔም እንደ አገሬ ሰው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «አዎ» አልኳት። ታውቁታላችሁ፣ ቃል የለውም፣ እፍን ያለች ትንፋሽ ናት። እኛ ቤት በኽምጥኛም ይወራ በአማርኛ፣ አዎ ማለት እሷ ናት። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ጣለች።

«አስም አለብዎት?»

«የለብኝም።»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

«አዎ እያልኩዎት ነው።»

«አዎ፣ አስም አለብዎት?»

ፎርሙ ላይ ምን እንደሞላች እግዜር ይወቅ።

እንግዲህ ከሥራ ስመለስ የሚያናግረኝ ሰው የለም። ሰቆጣ ጌም ቤት ቁጭ ብዬ ያደግኩ ነኝና ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁ፣ አምስት ለአምስት የሚታኮሱበት ጌም ጫንኩ። ቶቢ የሚባል ጀርመናዊ ቡድኑ ውስጥ አስገባኝ፤ አዛዣችን እሱ ነው። በዚህ ጌም ከዓይን ይልቅ ጆሮ ነው የሚያድን፤ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ኮቴ ካልሰማህ አለቀልህ። በስፒከር እንዳልጫወት ፍራው ሄልጋ አለች። ስለዚህ ሄድፎን ልገዛ ወጣሁ።

ሻጩ ትልቅ፣ መብራት የሚያበራ ሄድፎን አወጣልኝ። «ሰባት ነጥብ አንድ ሰራውንድ ነው፤ ድምፁ ከየአቅጣጫው ይመጣል።»

«ጆሮዬ እኮ ሁለት ነው» አልኩት።

«ሶፍትዌሩ ያታልለዋል።»

ለመታለል ከፈልኩ። ኮቴው ከግራም ከቀኝም ከጣሪያም አንድ ላይ ይጮኻል፤ ሰው መጣ ወይስ ከብት ተነዳ አይለይም። መብራቱስ? ጆሮዬ ላይ የሚበራውን እኔ በምን ዓይኔ ላየው! ያም ሆኖ የባሰብኝ ማይኩ ነው። ቶቢ «በኋላ በር እገባለሁ፣ ሰማኸኝ?» ይላል። እመልስለታለሁ። «ሃሎ? የለህም እንዴ?» ይላል። እሱ ሃሎ ሲል ይገድሉናል።

ማይኩ ነው ብዬ ሁለተኛ ገዛሁ፤ ብሉቱዝ። ገመድ የለውም ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ተኩሱን የምሰማው ከሞትኩ በኋላ ነው። ማይኩን ስከፍት ደግሞ ድምፁ ሁሉ የድሮ ስልክ ይሆናል። ቶቢም ያው «ሃሎ? ሃሎ?» ነው። አቃጠለኝ! ግድግዳ ላይ ልወረውረው ብዬ ሩኸሳይት ሆነብኝ።

ለሦስተኛው ግን ሻጭ አልሰማም አልኩ። አባቴ እንዳስተማሩኝ መረጥኩ። አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ፤ አሥራ አምስት ተማሪ በአንድ ጊዜ ያዜማል፤ እሳቸው «ከዳር ሦስተኛው፣ ሳትክ!» ይላሉ። እኔንም ከጎናቸው አስቀምጠው ማን እንደሳተ ይጠይቁኝ ነበር። ሱቁ ውስጥ ዝናሽ ቀድታ የላከችልኝን የጉባኤ ቤቱን ዜማ ከፍቼ ሄድፎኖቹን ሁሉ በተራ ሞከርኩ። ብዙዎቹ ላይ ተማሪው አንድ ሰው ሆነ። አንዱ ግን፣ መብራት የለው፣ ሰራውንድ የለው፣ ሁለት ጆሮ ከአንድ ተራ ገመድ ጋር፣ ጀርባው ወንፊት የመሰለ፣ እሱ ላይ ተማሪው በየቦታው ተቀመጠ። መሃል ላይ የአባቴ መቋሚያ መሬት ሲመታ ሰማሁ። እዚያው ሱቅ ውስጥ እንባዬ መጣ። ማይክ ለብቻው የጠረጴዛ ገዛሁና ወደ ቤት።

ወንፊቱ ድምፅ ያወጣል ለካ። ፍራው ሄልጋ በሬን አንኳኳች። «ቤቴ ውስጥ ማን ነው የሚተኩሰው?»

«እኔ ነኝ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይተኮስም» ብላኝ ሄደች።

ኮቴውን አሁን ከነእርምጃው እሰማለሁ፤ ቶቢ ግን አሁንም አይሰማኝም። በመጨረሻ እሱም መረረው። «ሦስት ማይክ ቀየርክ። ወይ ራስህን ቀድተህ ስማና ችግሩን ፈልግ፣ ወይ ሌላ ሰው አስገባለሁ» አለኝ።

ቀዳሁ። ራሴን «ሰማኸኝ?» ብዬ ጠየቅኩ፣ መለስኩ። መልሼ ሳዳምጠው ጥያቄው አለ፣ መልሱ የለም። ደግሜ ቀዳሁ፤ የለም። በቃል፣ በጀርመንኛው አዎ፣ «ያ!» ስል ግን ይሰማል። ያኔ ነው የገባኝ። ለካ ለቶቢ ሦስት ማይክ ሙሉ በትንፋሽ ነው አዎ ስለው የኖርኩት። የምናወራበት ፕሮግራም ውስጥ ጫጫታ ማጥፊያ የምትባል ምልክት አለች፤ ንግግር ያልመሰላትን ንፋስ ብላ ትቆርጣለች። አጠፋኋትና ቀዳሁ። እፍን ያለችው ትንፋሽ ጆሮዬ ውስጥ ገባች፤ ቁርጥ የአባቴ።

ቁርጥ የአባቴ! ስልኬን አየሁት። ስልክም እኮ ንፋስ ይቆርጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ያሉኝ አባቴ በእርግጥ ዝም ብለውኝ ነበር?

ሄድፎኑን ስልኬ ላይ ሰካሁና ደወልኩ። ዝናሽ አንስታ ሰጠቻቸው።

«አባ፣ ይቅር ብለውኛል?»

ዝም።

«አባ፣ በቃል ይበሉልኝ። በትንፋሽ ሲሉኝ ስልኩ ያስቀረዋል።»

«ምን ያስቀረዋል?»

«አዎ ሲሉኝ አይሰማኝም። እስከዛሬ ዝም ያሉኝ ነው የመሰለኝ።»

አጠገባቸው ዝናሽ «ውይ፣ ወንድሜን!» ስትል ሰማሁ። አባቴ ተቆጡ።

«አንተ! ከዳር ሦስተኛው ሲስት የምትለይ ልጅ፣ ጆሮህን ምን ነካው? የደረስክ ዕለት አልኩህ። ለፋሲካ አልኩህ። ለእንቁጣጣሽ አልኩህ። ስንት ጊዜ ልበልህ?»

አለቀስኩ። ሩኸሳይት ነበር፤ ፍራው ሄልጋ ግድግዳውን ደበደበች፣ ትደብድብ።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ አባ። እኔ እየሰማሁት። ይቅር ብለውኛል?»

ሄድፎኑን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ጫን አድርጌ ያዝኩት። ዝም አሉ፤ አሁን ግን ዝምታቸው አዎ እንደሆነ አውቃለሁ።