ዲስኩ የሸፈነው የሦስት ሳምንት ሥራ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊው ሰርቨሩን አሳይተውኝ፣ ይነካው የነበረው ሰው ለቋል፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው አሉኝ። ቢሮው የካ ነው፤ እንጦጦ ላይ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ባሕር ዛፍ ሽቦ ላይ ይወድቅና መብራት ይሄዳል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የወደቀ ሰርቨር ሳነሣ ኖርኩ።

ማሽኑ ሊኑክስ ነው። የቢሮው መዝገብ ያለው ሁለተኛው ዲስክ ላይ ሲሆን የሚታየው በአንድ ፎልደር በኩል ነው፤ ዲስኩን ከፎልደሩ ማያያዙን ማውንት ማድረግ እንለዋለን። መብራት በድንገት ሲሄድ ዲስኩ ይጎዳና ማውንት አልሆንም ይላል። ፈትሸህ፣ ጠግነህ፣ መልሰህ ታያይዘዋለህ። እንግዲህ ሥራዬ ይኸው ነበር።

አንድ ክረምት ፈቃድ ላይ ሳለሁ መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ያለ ዲስኩ ተነሣ። የመዝገብ ጸሐፊዋ ወይዘሮ አስካለ ፎልደሩን ባዶ ሲያገኙት የድሮውን ሌላ ቦታ አስቀምጬ ለአዲሱ ምዝገባ ባዶ አድርጌላቸው የሄድኩ መሰላቸው። ሦስት ሳምንት ከወረቀት እየገለበጡ ጻፉበት።

ስመለስ ዲስኩን ጠግኜ አያያዝኩ። የድሮው መዝገብ ታየ፤ ተስተካክሏል ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ወይዘሮ አስካለ የጻፍኩት የለም አሉኝ። ዲስኩን ጥግ ጥጉን በረበርኩ፣ አንዲትም አዲስ ፋይል አላገኘሁም። ለኃላፊውም ምንም አልተጻፈም አልኳቸው።

ዓርብ ግምገማ ላይ ኃላፊው የኔን ቃል ጠቅሰው፣ ወይዘሮ አስካለ ቁጭ ብለው ከርመዋልና ግለ ሂስ ያድርጉ አሉ።

«ያላጠፋሁትን ምን ብዬ ልናዘዝ?» ብለው ወይዘሮ አስካለ ተቀመጡ።

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው፤ ሥራውን በወር ውስጥ ካላስረከቡ ይሰናበታሉ። ባላቸው ሞተው ሦስት ልጅ ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። እሳቸው ከወሰን ሰፈር በማለዳ ታክሲ እየመጡ፣ ምሳቸውን ኪቦርዱ አጠገብ እየበሉ፣ ሁሉንም እንደገና ጻፉት።

ባስረከቡ በማግስቱ መብራት ሄደ፤ ዲስኩም እንደ ልማዱ እምቢ አለ። ከመጠገኔ በፊት፣ እንዲያው እጄ አመጣውና፣ ባዶ መሆን ያለበትን ፎልደር ከፈትኩት። የሦስት ሳምንቱ ሥራ ከነቀኑ እዚያ ተቀምጧል። የጻፉት በማሽኑ በራሱ ዲስክ ላይ ነበር፤ እኔ ሁለተኛውን አያይዤ ከላዩ ሸፈንኩት። አፈርኩ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ጠርቼ አሳየኋቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«እና አሁን የትኛውን ላጥፋው?» አሉኝ።

በቀጣዩ ግምገማ ግለ ሂስ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማስጠንቀቂያው ይነሣላቸው ብዬ ብለምን ኃላፊው ደብዳቤው ቁጥር ወጥቶለታል፣ አይሻርም አሉኝ። ጡረታ እስኪወጡ ከማኅደራቸው አልወጣም።

ዲስክ ከማያያዛችሁ በፊት ፎልደሩን ክፈቱና እዩ።