የአክስቴ አውቶቡስ

ፍኖተ ሰላም ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ የሚያፈሰውን የሚኒባሴን ጣሪያ ሊደፍን ሲሊኮን ሲከፍት፣ ሽታው ቡሬ መለሰኝ።

ልጅ ሳለሁ ከአክስቴ ጋር ሞተሩ በወጣ አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ እንኖር ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል ጣሪያው ላይ ወጥታ ዝገቱን ትፍቃለች፤ የመስኮቶቹን ዙሪያ በሲሊኮን ትደፍናለች።

አንድ ቀን ጎረቤታችን አያ ሞላ፣ «ለቁራሌ ሽጪውና ተገላገዪ! ካልሆነም ከውስጥ ለጥፊው፤ ምን ያንጠላጥልሻል?» አሏት።

«ከውስጥ ከለጠፍኩትማ ውሃው ግድግዳው ውስጥ ተኝቶ ብረቱን ይበላዋል!» አለች።

ሲሊኮኑ ሲደርቅ አያ ሞላን አውቶቡሱ ውስጥ አስገብታ መስኮቱ ስር አስቀመጠቻቸው። እኔ ከጣሪያው ላይ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ደፋሁ። አያ ሞላ ነጭ ጋቢያቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ጠብታ ሲያጡበት፣ «ሐምሌ ገና አልመጣም» አሉ።

«ይምጣ!» አለች።

ጋራዡ ውስጥ መካኒኩ ሰማዩን አየና፣ «ሊዘንብ ነው፤ ከውስጥ ልለጥፈው?» አለኝ።

መሰላሉን ከሚኒባሱ ጎን ራሴ አቆምኩት።