አሜን የዘገየበት ጸሎት

ናይሮቢ የምኖርበት ፎቅ ውሃ ሲጠፋ በመኪና ያመጡልናል። ዛሬ ጠዋት ውሃው ፀሐይ ባጋለው ጀሪካኔ ውስጥ ሲንዶቀዶቅ የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ሸተተኝና ልጅነቴ፣ አንድ የሞያሌ እሑድ ትዝ አለኝ።

ድርቅ ነበር። በቆርቆሮዋ ቤተ ክርስቲያናችን ሁሉም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በስዋሂሊ፣ ባንድ ላይ ጮክ ብሎ ስለ ዝናብ ይጸልያል። የውሃ መኪና መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ጀሪካኖቻችንን ይዘን መጥተን በር ላይ ደርድረናል። ድንገት ክላክስ ተሰማ። የውሃ መኪናው ረዳት በስዋሂሊ "ማጂ! ማጂ!"፣ ውሃ! ውሃ! እያለ ይጣራል። ጸሎቱ ረገበ፤ የተነሳ ግን የለም።

"ይሄ የጸሎታችን መልስ ነው ወይስ ፈተና?" አለ አንዱ ዲያቆን።

ጸሎቱን የሚመሩት አሮጊቷ አዴ ሎኮ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ "ፈተናም ቢሆን ውሃ ነው፤ ሂዱ ቅዱ! እኔ እዚሁ እጸልያለሁ፤ አሜን የምለው ስትመለሱ ነው" አሉ።

ተጋፍተን ቀዳን። ስንመለስ አዴ ሎኮ እንደተንበረከኩ ናቸው፤ ጀሪካናቸው ግን በር ላይ ባዶውን ቆሟል። ሁላችንም ረስተናቸዋል። እማዬ ከእኛው ጀሪካን ግማሹን ገለበጠችላቸው። የውሃውን ድምፅ ሲሰሙ አዴ ሎኮ ልመናቸውን ከመሃል አቋረጡና ቀስ ብለው "አሜን" አሉ።

ዝናቡ በዚያም ሳምንት አልመጣም።

ዛሬ ጠዋት ጀሪካኔ ሲሞላ ሳላስበው "አሜን" ብዬ ኖሯል። ከኋላዬ የተሰለፈችው ጎረቤቴ፣ "ምን ለምነሽ ነው?" ብላ ሳቀች። ጀሪካኗን ተቀብዬ ውሃው ስር አቆምኩላት።